ውድ ሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት ስትነሱ የማንን ምክር ትሰማላችሁ?

አንዱ «ሲዲ ማጫወቻ ሁሉ አንድ ነው፣ ገንዘብህን አታባክን» ይላችኋል። ሌላው «የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው «ማጫወቻውን ተወውና ለብቻው ዳክ ግዛ» ይላል፤ ዳክ የሚለው ሲዲው ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይረውን ክፍል ነው። አራተኛው «በዚህ ዘመን ሲዲ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ጉዳዩን ከነጭራሹ ይዘጋዋል። አራቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። አራቱም ሙዚቃ ይወዳሉ።

እኔም በዚህ ወሬ መሃል አንድ ዓመት ያህል ከርሜአለሁ። ቤቴ ውስጥ ከ400 በላይ ሲዲ አለ። ግማሽ ያህሉ የአማርኛ ነው፤ አብዛኛው ዋሽንግተን አካባቢ ካሉ የሐበሻ ሱቆች አንድ በአንድ የተለቀመ። ብዙዎቹን በኢንተርኔት ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ስለዚህ የድሮው ማጫወቻዬ ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው፣ ቀሪ ዘመኔን የሚያገለግለኝ ጥሩ ማሽን ልገዛ ወሰንኩ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ የቱን?

ቆይቶ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ስለ ማንበቢያው ያወራል፣ ሌላው ስለ ድምፅ መውጫው፣ ሌላው ስለ ሳጥኑ ጥንካሬ። ሁሉም ግን «ሲዲ ማጫወቻ» በሚል አንድ ስም ይጠሩታል። ስለዚህ ምክር በመጣ ቁጥር «ስለ የትኛው ክፍል ነው የምታወራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ መመሪያ በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚዞረው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ማሽኑን በአራት ክፍል ለይታችሁ እወቁት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ ቁጥር ነው። ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 ባወጡት ደንብ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ቢት ማለት አንዲት የዜሮ ወይም የአንድ ምልክት ናት። የግራውና የቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ በሚጠማዘዝ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ነው። መስመሩ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የመጀመሪያው ክፍል ማንበቢያው ነው። ሞተሩን፣ ሌዘሩንና ሌንሱን ማለቴ ነው። ዲስኩ ሲጀምር በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደ 200 ይወርዳል። አቧራ ወይም ጭረት ሲያጋጥም ከሙዚቃው ጋር አብሮ የተጻፈ የእርማት ስሌት አለ። በመስመሩ አቅጣጫ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጉዳት በዚህ ስሌት ሙሉ በሙሉ ይታረማል። «ሙሉ በሙሉ» ስል አንዲት ቢት ሳትጎድል ማለቴ ነው። ጉዳቱ ከዚያ ከበዛ ማጫወቻው ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ያም ካልሆነለት ይንተባተባል ወይም ይዘላል። እንግዲህ «ይሄኛው ማንበቢያ ባሱን ያሞቀዋል» የሚል ምክር ሲመጣ ቆም በሉ። ቁጥሩ በትክክል ከተነበበ ባሱ እዚያ ቦታ ላይ የሚሞቅበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው ክፍል ሰዓቱና ዳኩ ነው። ዳክ የምንለው ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረውን ቺፕ ነው። የተነበበው ቁጥር በቀጥታ ወደ ዳክ አይሮጥም። መጀመሪያ ሜሞሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በክሪስታል ሰዓት ምት እየተቆጠረ ይወጣል። ስለዚህ የሞተሩ መፍጠንና መዘግየት ወደ ሙዚቃው አይደርስም። የሰዓቱ ምት ራሱ ከተዛነፈ ግን ሞገዱም ይዛነፋል። «ጂተር» እየተባለ ብዙ የሚወራለት ነገር ይኸው ነው። በደንብ በተሠራ ማሽን ላይ ይህ መዛነፍ እጅግ ትንሽ ነው።

ዳኩ ዙሪያ አንድ የምር ልዩነት አለ፤ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ያለውን ትርፍ ሞገድ የሚያስወግደው ማጣሪያ። አንዳንድ አምራቾች ማጣሪያውን ሆን ብለው ይተዉታል። «ድምፁ ተፈጥሯዊ ይሆናል» ይላሉ። እንዲህ ያለው ማሽን በጣም ቀጭኑን ድምፅ፣ 20,000 ኸርዝ ላይ ያለውን፣ 3 ዲሲብል ያህል ይቀንሰዋል፤ ዲሲብል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። ይህ ስሜት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ጆሮው ገና ያልደከመ ወጣት ከላይ በኩል ለስለስ ብሎ ሊሰማው ይችላል።

ሦስተኛው ክፍል አናሎግ መውጫው ነው። ከዳኩ የወጣውን ሞገድ አጠንክሮ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው እሱ ነው። አንዳንዱ ማሽን እዚህ ጋ ቫልቭ፣ ማለትም የመስታወት አምፖል የሚመስለውን የድሮ ዓይነት ማጉያ፣ ይጠቀማል። ቫልቭ በድምፁ ላይ የራሱን ቀለም ሊጨምር ይችላል። ያን ቀለም የሚወዱት አሉ፣ እኔም አልጠላውም። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚላችሁ ሰው ምናልባት እውነቱን ነው። የሚያወራው ግን ስለዚህ ክፍል እንጂ ስለ ሌዘሩ አይደለም።

አራተኛው ክፍል የኃይል አቅርቦቱና ሳጥኑ ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ብረቱ፣ ትሪው፣ ቁልፎቹ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የሚሰማ የድምፅ ልዩነት ካለ የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ክፍል ነው። በጥሩ ማሽኖች መካከል ይህ ልዩነት ጠባብ ነው። ዋጋውን ወደ ሰማይ የሚሰቅሉት ግን አንደኛውና አራተኛው ናቸው። ሻጩ ስለ ድምፅ እያወራ የሚሸጥላችሁ ብረት ነው። ብረቱ መጥፎ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እኔ ገንዘቤን ያዋልኩት እሱ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ ግን እወቁት።

2. መጀመሪያ ያላችሁን ሲዲና ክፍላችሁን ፈትሹ

መደርደሪያችሁ ፊት ቁጭ በሉና ሲዲዎቻችሁን ለዩ። ፋብሪካ የታተሙት ስንት ናቸው? በኮምፒውተር በርን የተደረጉትስ? የአማርኛ ሙዚቃ የምንሰበስብ ሰዎች ብዙ ኮፒ አለን። በርን የተደረገ ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው ከታተመው ያነሰ ነው። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ደግሞ ከሁለቱም በጣም ያነሰ ይመልሳል። አንዳንድ ማጫወቻ፣ በተለይ የቆየ፣ እነዚህን አያነብም። በሺህ የሚቆጠር ዶላር አውጥታችሁ ግማሽ ስብስባችሁን የማያነብ ማሽን ይዛችሁ እንዳትገቡ።

ቀጥሎ ቅጂዎቹን ስሙ። ብዙ የድሮ የአማርኛ ሲዲ ከካሴት የተገለበጠ ነው። የካሴቱ ሽሽታ አብሮት አለ። ያን ሽሽታ የትኛውም ማጫወቻ አያጠፋውም። ከስብስባችሁ አብዛኛው እንዲህ ከሆነ መካከለኛ ማሽን በደንብ ይበቃችኋል። ይህን የምለው ለዘፈኖቹ ካለኝ ክብር ነው። ትርፉን ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ብታደርጉት ዘፋኙ የበለጠ ይጠቀማል።

ስለ ስፒከር ካነሳን አይቀር፣ ስፒከርና ክፍል ድምፅን የሚቀይሩት ከማንኛውም ማጫወቻ በብዙ እጥፍ ነው። ስፒከሩ ግድግዳ ጥግ ተለጥፎ ከሆነ ዛሬ ማታ ወደ ፊት ሳቡት። ወለሉ ባዶ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ። ከዚያ በኋላም ማሽን መቀየር ካሰኛችሁ ቀጥሉ።

3. ምክሩን በወንፊት አሳልፉት

ምክር የሚሰጣችሁን ሰው አትናቁ። ነገር ግን አራት ነገር ጠይቁት። ስለ የትኛው ክፍል ነው የምታወራው? ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን ሰምተሃቸዋል ወይስ በወራት ልዩነት? ድምፃቸው እኩል ከፍ ብሎ ነበር? የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ታውቅ ነበር?

አብዛኛው ምክር ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ብሎ ይተረጉመዋል። ግማሽ ዲሲብል እንኳ ብትሆን «ጮኸ» አትሉትም፤ «ጠራ» ወይም «ጥልቀት አለው» ነው የምትሉት። የሲዲ ማጫወቻ የተለመደ መውጫ 2 ቮልት ነው፤ 2.5 የሚሰጥም አለ። በሁለቱ መካከል 2 ዲሲብል ያህል ልዩነት አለ። ያ ብቻውን አሸናፊውን ይወስናል።

እኔ ራሴ የወደቅሁበት ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ማሽን አሰሙኝ። ውዱ ልቤን ሰረቀው። ሁለት ቀን ስለሱ ሳወራ ከረምኩ። በኋላ ሳጣራ ርካሹ የተያያዘው በተራው ገመድ ነበር። ውዱ ደግሞ ባለ ሦስት እግር በሆነው፣ ኤክስኤልአር በሚባለው መሰኪያ። ይህ መሰኪያ ብዙ ጊዜ 4 ቮልት ነው የሚያወጣው፤ 6 ዲሲብል ጭማሪ ማለት ነው። ያፈቀርኩት ማሽኑን ሳይሆን ጩኸቱን ነበር። ሻጩ ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሰኪያውን ሳላይ አልሰማም።

ፈጽሞ የማይያዝ ምክርም አለ። በ1990 ገደማ የሲዲን ጠርዝ በአረንጓዴ እስክሪብቶ መቀባት ድምፁን ያሻሽላል የሚል ወሬ በሰፊው ተነዝቶ ነበር። ቀለሙ ከዲስኩ ላይ በሚነበበው ቁጥር ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም። ሆኖም ብዙ ቅን ሰው ቀብቶ «ሰማሁ» ብሏል። ውሸታሞች አልነበሩም። መስማት የፈለግነውን መስማት የሰው ተፈጥሮ ነው።

በሌላ በኩል «ሁሉም አንድ ነው» የሚለውም ሰው ጭፍን ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ የሌለውን፣ ቫልቭ ያለውን፣ ወይም ትራንስፎርመሩ የሚያዛምመውን ማሽን ከሌላው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም።

4. አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት?

ይህን አጠር አደርገዋለሁ። አምፕሊፋየራችሁ ውስጥ ጥሩ ዳክ ካለ፣ ማንበቢያ ብቻ የሆነ ማሽን መግዛት ብልህነት ነው። ትራንስፖርት ይሉታል። የካምብሪጅ ኦዲዮው ሲኤክስሲ ለምሳሌ ዳክ የለውም፤ ቁጥሩን አንብቦ ማስረከብ ብቻ ነው ሥራው። ዳክ በየጊዜው ይሻሻላል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ማንበቢያ ደግሞ ያረጃል። ተለያይተው ሲገዙ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል።

አንድ ሳጥን የሚሻለው ገመድ መብዛቱ ለሚያስጠላው፣ በአንድ ሪሞት መጨረስ ለሚፈልግና ኤስኤሲዲ፣ ማለትም ከተራው ሲዲ የበለጠ ዝርዝር የሚይዘውን ዲስክ፣ ለሚሰማ ሰው ነው። የኤስኤሲዲው ንብርብር በተራው ዲጂታል ገመድ አይወጣም፤ ስለዚህ ለውጭ ዳክ አይመችም።

ኤስኤሲዲ ያስፈልጋችኋል ወይ? ከ10 ያነሰ ዲስክ ካላችሁ ለሱ ብላችሁ አትጨምሩ። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥተዋል። የኤስኤሲዲውን ድምፅ በሲዲ ደረጃ አሳልፈው ሰዎች እንዲለዩ ጠየቁ። በ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነው። ሳንቲም ከመወርወር አይለይም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ብዙ የኤስኤሲዲ ቅጂዎች ድምፃቸው ያማረ መሆኑን አስተውለዋል፤ ምክንያቱ ቀረጻውና ማስተሪንጉ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት የሚደረገው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ በጥንቃቄ መሠራቱ ነው ብለው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። አንድ አልበም በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከታተመ፣ በሁለቱ ሲዲዎች መካከል ያለው ልዩነት በማጫወቻዎች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል።

5. ራሳችሁ ስሙ፣ ግን በሥርዓት

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ማሽኑን ለጥቂት ቀን ወደ ቤት እንድትወስዱ ከፈቀደ እሰየው። ካልፈቀደ የመመለሻ ቀን ያለው ሱቅ ፈልጉ።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ቴስተርና የአንድ አልበም ሁለት ተመሳሳይ ሲዲ ነው። ሁለተኛውን ራሳችሁ ኮፒ ብታደርጉትም ይሆናል። በተጨማሪም 200 ኸርዝ የሆነ ወጥ ድምፅ ያለበት ሲዲ አዘጋጁ። በነፃ የሚገኙ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ይህን በደቂቃ ይሠሩላችኋል። 200 ያልኩት በምክንያት ነው። ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ድምፅ ላይ በትክክል አይለካም።

ሁለቱን ማሽኖች ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ ዓይነት መሰኪያ አያይዙ። ወጡን ድምፅ በመጀመሪያው ማሽን አጫውቱ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት አድርጋችሁ ከስፒከሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ጫፎች ለኩ። ጫፎቹን እርስ በርስ እንዳታነካኩ፤ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ቁጥሩን ጻፉ፤ ለምሳሌ 1.00 ቮልት። አሁን ሁለተኛውን አጫውቱና ያው ቁጥር እስኪመጣ ቮልዩሙን አስተካክሉ። በ0.99 እና በ1.01 መካከል ከሆነ በቂ ነው። የኤሲ ልኬቱ ከ200 ቮልት የሚጀምር ቴስተር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ተዋሱ።

አንዳንድ አምፕሊፋየር ለእያንዳንዱ መግቢያ የድምፅ መጠኑን ለይቶ ለማስተካከል ያስችላል። ያ ካለ ሥራው ቀላል ነው። ከሌለ ረዳታችሁ የሁለቱን የቮልዩም ቁጥር ጽፎ ይያዝና በቀየረ ቁጥር ያስተካክል።

አሁን ፊታችሁን አዙራችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የቱ የቱ እንደሆነ እያወቃችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ስሙ። ልዩነት አገኘሁ ስትሉ ፈተናው ይጀምር። ረዳታችሁ ሳንቲም ይወርውር፤ ሰው ከሆነ አንዱን፣ ጎፈር ከሆነ ሌላውን ያጫውት። ዝም ብሎ ብቻ። ፊቱም አይታያችሁ። የቱ እንደሆነ ጻፉ። 10 ጊዜ ድገሙት። 9 ወይም 10 ካገኛችሁ ልዩነቱን በእርግጥ ትሰማላችሁ። በግምት ብቻ ያን ያህል የማግኘት ዕድል 100 ላይ 1 ገደማ ነው። 6 ወይም 7 ካገኛችሁ ልዩነት ሰምታችኋል ለማለት አይበቃም።

በአንድ ቀን አትጨርሱት። ጆሮ ይደክማል። ጠዋት 5፣ ማታ 5 አድርጉት።

ምን ትሰሙ? የፈረንጅ መጽሔት የሚያዘውን ዘፈን መግዛት የለባችሁም። የምታውቁትን ድምፅ ነው የምትሰሙት። እኔ በገና ይዤ ነው የሄድኩት። ጅማቱና ድልድዩ መካከል የምትገባው እንዝራ የምትፈጥረው ነዝናዛ ድምፅ በጣም ረቂቅ ነው። ጥሩ ቀረጻ ላይ እያንዳንዱ ምት ሲጀምርና ሲሟሽሽ ለየብቻ ይሰማል። ዋሽንት ላይ ደግሞ ከዜማው በፊት የምትቀድመውን ትንፋሽ ስሙ። የሴት ድምፅ ላይ «ሰ» እና «ሸ»ን አድምጡ። እነዚህ ፊደሎች ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ያ ማሽን ከስፒከራችሁ ጋር አልተስማማም። ማሲንቆም ጥሩ ነው፤ የፈረስ ጭራው ጅማቱን ሲፈትግ ቀረጻው ጥሩ ከሆነ ሸካራነቱ ይሰማል።

ፈተናው ላይ ምንም ልዩነት ካላገኛችሁ አትዘኑ። ትልቅ ነገር አተረፋችሁ። ከእንግዲህ በድምፅ ሳይሆን በጥንካሬ፣ በአያያዝና በዋጋ ትመርጣላችሁ።

6. ሌዘሩ ከ10 ዓመት በኋላ ይገኛል ወይ?

እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ቶሎ ከሚደክሙት ነገሮች ዋነኛው ሌዘሩ ነው። ዳኩም ትራንስፎርመሩም ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ሌዘሩ ሲደክም መጀመሪያ በርን የተደረገውን ዲስክ አላነብም ይላል። ከዚያ ረጅሙን ዲስክ መጨረሻው ላይ ይዘላል። በመጨረሻ ምንም አያነብም። 6,000 ዶላር የወጣበት ማሽን በአንዲት ትንሽ መለዋወጫ እጦት የጌጥ ዕቃ ይሆናል።

ይህ ተረት አይደለም። ፊሊፕስ የሠራው ሲዲ-ፕሮ2 የተባለ ማንበቢያ በብዙ ውድ ማጫወቻዎች ውስጥ ነበር። ዛሬ አይመረትም። እሱን የያዘ ማሽን ያላቸው ሰዎች መለዋወጫ የሚያድኑት ከአሮጌ ዕቃ ላይ ነው። የስኮትላንዱ ሊን ደግሞ በ2009 ሲዲ ማጫወቻ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ሲዲ ማጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ እያነሰ ነው፤ ማንበቢያ የሚሠራ ከዚያም ያነሰ።

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ጠይቁት፤ «ማንበቢያውን ማን ነው የሠራው? ዛሬ ሌዘሩ ቢበላሽ ስንት ያስከፍላል? ማን ይቀይረዋል? ድርጅቱ ለስንት ዓመት መለዋወጫ ይይዛል?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚያመነታ ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

ውድ ብረት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የጃፓኑ ኤሶተሪክ ቪአርዲኤስ የሚባል የራሱ ማንበቢያ አለው። ዲስኩን በሙሉ ስፋቱ በብረት ሰሌዳ ላይ ጫን አድርጎ ይይዘዋል። ማራንትዝም ኤስኤ-10 ለተባለው ማጫወቻው የራሱን ማንበቢያ ሠርቷል። ከ1972 ጀምሮ ያለው አኩፌዝም የሚጠቀሰው በአሠራር ጥራቱ ነው። እነዚህ «ድምፃቸው በ10 እጥፍ ይበልጣል» ብዬ አልነግራችሁም፤ አይበልጥም። የራሱን ማንበቢያ የሚሠራ ድርጅት ግን ሌላው ማምረት ባቆመ ቁጥር እጁን አጣጥፎ አይቀርም። ገንዘባችሁ እዚያ ላይ ከዋለ ቁም ነገር ላይ ዋለ። በሌላ ጫፍ ደግሞ በብዛት የሚመረት ተራ ሌዘር ያለው መካከለኛ ማሽን አለ። ሌዘሩ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። እሱም ጥሩ ምርጫ ነው። የምፈራው በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለውን ነው፤ ዋጋው ውድ፣ ማንበቢያው የተገዛ፣ ድርጅቱ ደግሞ ትንሽ የሆነውን።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ከ75 ደቂቃ በላይ የሆነ፣ አንዱ በርን የተደረገ፣ አንዱ ትንሽ የተጫረ። ረጅሙን ከቱ፤ ዝርዝሩን ለማንበብ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። በቀጥታ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ዝለሉና እስኪያልቅ ስሙ። ትሪውን 10 ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምናልባት ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቋል፤ ይህ ቀላልና ርካሽ ጥገና ነው። ከዚያ ድምፁን አጥፉና ጆሯችሁን ወደ ሳጥኑ አስጠጉ። የሚያዛምም ትራንስፎርመር ካለ ይሰማችኋል።

7. መብራቱን እዩ

ብዙዎቻችን ዕቃ ከአገር አገር እናጓጉዛለን። ለወላጅ ወይም ለወንድም አሜሪካ ገዝተን አዲስ አበባ እንልካለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዕቃውን በአንድ ሰከንድ አቃጥሏል።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ 220 ነው፤ የአውሮፓና የእስራኤል 230። የጃፓን 100 ብቻ። ስልክ ቻርጀር ሁሉንም ይቀበላል፤ ውድ ሲዲ ማጫወቻ ግን ብዙ ጊዜ አይቀበልም፤ ውስጡ ለአንድ ቮልቴጅ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ነው ያለው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100-240 የሚል ከሆነ አትጨነቁ። 120 ብቻ ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር የግድ ነው። 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የበለጠ ይሞቃል፤ የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 50 ነው። በተለይ ከጃፓን በኢንተርኔት በርካሽ የሚገኙ የ100 ቮልት ማሽኖች እንዳያታልሏችሁ። ለሚልኩበት አገር የተሠራውን ሞዴል መግዛት፣ ትንሽ ቢወደድም፣ ይሻላል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። አዲስ አበባ ለሚቀመጥ ማሽን ጥሩ ስታብላይዘር ከማንኛውም ውድ የኃይል ገመድ ይቀድማል። የአቧራ መሸፈኛ ጨርቅም እንዲሁ። ትሪውን ከፍታችሁ አትተዉ፤ አቧራ ቀጥታ ሌንሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

8. ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር

ብዙ አትድከሙበት። የሲዲ 16 ቢት 96 ዲሲብል ገደማ ይይዛል። ማሽኑ ከ105 በላይ የጽሞና ልክ፣ ማለትም ሙዚቃው ከማሽኑ የራሱ ሽሽታ የሚበልጥበት መጠን፣ ካለው ከዲስኩ የሚበልጥ ጸጥታ አለው፤ 120 ቢሆን ለሲዲ ጥቅም የለውም። የዳኩ ቺፕ ስምም አያባብላችሁ። አንድ ዓይነት ቺፕ በርካሹም በውዱም ውስጥ ይገኛል። ቁም ነገሩ በዙሪያው ያለው አሠራር ነው።

9. ቤት ሲገባ

ማሽኑን ከካርቶኑ ስታወጡ ከሥሩ የማጓጓዣ ብሎን እንዳለው እዩ። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ማንበቢያው እንዳይናወጥ በብሎን ይታሰራል። ሳትፈቱ እንዳታስጀምሩ። ብሎኑን በትንሽ ፌስታል አድርጉና ከካርቶኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉት፤ ቤት ስትቀይሩ ወይም ወደ አገር ቤት ስትልኩት ታስሩታላችሁ። ማሽኑ ከብርድ ወደ ሙቀት ከገባ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፤ ሌንሱ ላይ እርጥበት ይይዛል።

ካርቶኑን አትጣሉ። የመመለሻውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከዚያ በፊት ባሉት ምሽቶች በርን የተደረጉትን፣ የተጫሩትን፣ ረጃጅሞቹን ሁሉ በየተራ አስገቡ። አንድ ዲስክ ቢዘልባችሁ በሌላ ማሽን ሞክሩት። እዚያ ካልዘለለ ችግሩ የማሽኑ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ ይዛችሁት ሂዱ።